የውሰት ኩባያ

በሽሽት ቀበሌ ከእኔ አንጀት የሚበልጥ አንጀት የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ጉራ ማለት የሌላችሁን ነገር አለን ስትሉ ነው፤ እኔ ግን አለኝ። በየማለዳው ወፍ ሳይንጫጫ ይነሣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ዝም ይላል። አጎቴ ባሮክ ሰው ማመስገን የሚያመው ሰውዬ ነው፤ እሱ እንኳን አንድ ቀን «የዚችን ልጅ ሆድ መንግሥት ቢቀጥረው አይከስርም» ብሏል።

ስሜ ትርንጎ ነው። የዘመኑ ስም ስለሆነ ክፍላችን ውስጥ ሦስት ትርንጎዎች ነበርን። ክፍላችን የምለው ስድስተኛን ነው፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። በ2069 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ከአጥሩ ውጭ ቀረ፣ እኔ ከአጥሩ ውስጥ ቀረሁ።

ሽሽት ማለት የበሰቃ ሐይቅ አሮጌውን ከተማ ቀስ እያለ ሲውጥ ሰዎች ወደ ላይ ሸሽተው የሠሩት ሰፈር ነው። ከፊታችን የጅቡቲ መንገድ፣ ከኋላችን ሐይቁ፣ በመሃል እኛና ቧንቧችን። የሁሉም ቤት የሽንት ቤት ቧንቧ ወደ አንድ ዋና ቧንቧ ይገባል። ዋናው ቧንቧ በቀበሌው በር ሥር አልፎ ይወጣል። እዚያ ላይ አፍንጫ የምንለው መሣሪያ ተተክሏል። አፍንጫው ሲያሸት ይውላል፣ ሲያሸት ያድራል፤ ያሸተተውን ደግሞ በበሩ አናት ላይ ያለው መብራት ይናገርለታል። አረንጓዴ ከሆነ በሩ ክፍት ነው። ቀይ ከሆነ ዝግ ነው። የእኛ ቀይ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የሚያሸተው ልምሻ ነው። ፖሊዮ የሚባለው። በቀበሌያችን ግን አንድም የሚያነክስ ሰው የለም፤ ሁላችንም በሕፃንነታችን ተወግተናል። መርፌው እግራችንን ጠብቆልናል። አንጀታችንን አልጠበቀልንም። ቫይረሱ በአፍ ይገባል፣ አንጀት ውስጥ እንደ መንገደኛ ጥቂት ሳምንት አልቤርጎ ይይዛል፣ ባለቤቱን ሳይነካ በታች ይወጣል፣ ከዚያ የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ደህና ነን። መውጣት ብቻ ነው የማንችለው።

ሰው ይለምዳል። በሰርግ ላይ ሙሽሮች የሚጎራረሱት ክንድ በሚያክል ማንኪያ ነው፤ በባዶ እጁ ያጎረሰ ሰው ዕድሩ ይቀጣዋል። ድሮ ልጅ ሲዳር ዘሩ ይጠየቅ ነበር አሉ። አሁን የሚጠየቀው ቧንቧው ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ አረንጓዴ ቀበሌ አንዲት ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ተልከው መጥተው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ቆሙ፣ ቀና ብለው መብራቱን አዩ፣ ባርኔጣቸውን መልሰው አድርገው ሄዱ። ልጅቷ እስከ ዛሬ የማን ሽማግሌ እንደነበሩ አታውቅም።

እናቴ ከባድ መኪና ትነዳለች። በሩ የተዘጋ ቀን ጅቡቲ ነበረች። መግባት ይቻላል። ማንም ሰው በፈለገው ሰዓት ይገባል፣ ዘበኛውም አይጠይቀውም። መውጣት ነው የሌለው። እናቴ ብትገባ መኪናውን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ እኔና አጎቴ ባሮክ የምንበላው ደግሞ ከመኪናው ነው። አጎቴ ሳይክል ይጠግናል፤ በተዘጋ ቀበሌ ውስጥ ግን ሳይክል የትም ስለማይሄድ ብዙም አይበላሽም።

እሑድ እሑድ እናቴ መኪናዋን መንገድ ዳር ታቆምና ወደ አጥሩ ትመጣለች። አጥሩ ድርብ ነው፣ በመሃሉ ባዶ መሬት አለ። እሷ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን እንጮሃለን።

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ከሳሽ።»

«ሽቦው ነው እንዲህ የሚያሳየኝ።»

«ምላስሽን ግን አላከሳውም። ፀጉርሽ ምን ሆኖ ነው?»

ፀጉሬ ምንም አልሆነም። ችግሩ እሱ ነው። አጎቴ ባሮክ ሹሩባ አይችልም፣ እኔ ደግሞ የራሴን ማጅራት አላየውም። እናቴ ስትሠራኝ ኖራ በሩ ሲዘጋ ባለበት ቀረ። «በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የማደርገው ያንን ጎጆ ማፍረስ ነው» ትለኛለች፣ ከዚያ የቴምር ከረጢት ትወረውርልኛለች። ከውጭ ወደ ውስጥ መወርወር ይፈቀዳል። ከውስጥ ወደ ውጭ አይፈቀድም። አንዴ በእጄ የሠራሁትን ሻርፕ ወረወርኩላት። ዘበኛው በረጅም መቆንጠጫ አነሣው፣ ወደ እሷ ዞሮ ይቅርታ ጠየቃት፣ አቃጠለው። ጨዋ ሰው ነው።

ሲስተር ደብሪቱ የመጣችው በጥር ነው፤ ጤና ጥበቃ የላካት ስለሆነች መግባትም መውጣትም ተፈቅዶላታል። በበሩ ውስጥ በኩል ጠረጴዛ ተከለች፣ ከዚያ የዕድሩ ድንኳን ውስጥ ሰበሰበችን። ፊት ለፊት የተቀመጡት የዕድራችን ሊቀመንበር እማማ ኤዶም ናቸው። ስማቸውን እንዳትታዘቡ፤ የዚያ ዘመን አሮጊቶች ሁሉ ኤዶም፣ ሶልያናና ሜላት ናቸው።

«መርፌው ያው የምታውቁት ነው» አለች ሲስተር ደብሪቱ። «ክንድ ላይ ሲወጋ ግን አንጀት ወሬው አይደርሰውም። ስለዚህ አንድ አጋዥ ነገር ጨምረንበታል። ራሱ ክትባት አይደለም። ክትባቱን ያጎላዋል፣ ለአንጀት ያሰማለታል።»

«ቅመም በይው» አሉ እማማ ኤዶም።

«እንደ ቅመም ነው፣ አዎ።»

«በርበሬ አለው?»

«የለውም፣ እማማ።»

«ሚጥሚጣ?»

«የሚበላ አይደለም።»

«የማይበላውን አንጀት በምን ያውቀዋል?»

ሲስተር ደብሪቱ መልስ ነበራት፣ ግን ረጅም ነበር፣ ማንም አልሰማውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቅመሙ ሆነ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ግማሻችን ቅመም ያለበትን መርፌ፣ ግማሻችን ተራውን እንወጋለን። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሲስተር ደብሪቱ ራሷም አታውቅም፤ የሚያውቁት ሩቅ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሁላችንም የተዳከመ ቫይረስ በጠብታ አፋችን ላይ ይደረግልናል። አንጀቱ የተማረ ሰው ቫይረሱን ቶሎ ያባርረዋል፣ ያልተማረ ያስተናግደዋል። ይህን ለማወቅ ሰገራችንን በኩባያ እናመጣለን። ቅመሙ ከሠራ ለቀበሌው ሁሉ ይሰጣል፣ ቧንቧው ይጠራል፣ መብራቱ ይዞራል።

«አንድ ነገር አደራ» አለች። «ኩባያ እንዳይጎድል። ኩባያ ከጎደለ ሙከራው ይፈርሳል፣ ጠረጴዛዬን አጥፌ ነው የምሄደው።»

ሁሉም ሰው ከንግግሯ የያዘው ይህችን ነው። ኩባያ እንዳይጎድል።

የእኔ ክንድ በማግስቱ አበጠ። ዞሬ ዞሬ ለሰው አሳየሁት። ጎረቤታችን የሺመቤት በር ላይ ቆማ ነበር። የሺና እኔ በዕድሜ እኩያ ነን፤ ሌላ የሚያስተካክለን ነገር የለም።

«ስላከክሽው ነው» አለችኝ።

«ቅመም ያቃጥላል። የደረሰው ያውቀዋል።»

«እኔን ምንም አላለኝም።»

«ያንቺማ ተራው ነዋ። አይዞሽ፣ ተራ ሰውም ያስፈልጋል።»

ጠብታው ከተሰጠ በኋላ ሰኞና ሐሙስ የኩባያ ቀን ሆነ። ኩባያዎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ክዳናቸው ላይ ስም አለ። ማለዳ፣ በልዩ ፈቃድ ወደ ላቦራቶሪ የሚወስዳቸው መኪና ሳይሄድ ጠረጴዛው ላይ መድረስ አለባቸው። ሰው ኩባያውን በነጠላው ሥር ይዞ ይሰለፋል፣ በሰልፉ ላይ ሰላምታ ይለዋወጣል።

«እንዴት አደርክ? ቀናህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀናኝ። እናንተ ዘንድስ?»

«ባለቤቴ ትንሽ አስቸገራት፣ ግን ተሳካ።»

እማማ ኤዶም የእሳቸውን ባለ ጥልፍ ጨርቅ አልብሰው ነው የሚያመጡት። ሲስተር ደብሪቱ የሁሉንም በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ እግዜር ይስጥልኝ ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ያፍር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሚያፍረው ባዶ ኩባያ የያዘ ሰው ብቻ ሆነ።

ባዶ ኩባያ ከያዙት የመጀመሪያው አጎቴ ባሮክ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሎ ይበላል፣ ውኃ አይጠጣም። አንድ ሐሙስ ማለዳ የክፍሌ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ትርንጎ።»

«አቤት።»

«ተርፎሻል?»

«ምን?»

«ምን ይሆናል? ሰልፉ እየሄደ ነው።» ኩባያውን ወደ እኔ ዘረጋ። ዓይኑ ግን ጣራውን ያያል።

ሰጠሁት። አጎቴ ነው፤ ደግሞም ተርፎኝ ነበር። እሱ ይህን ለደንበኞቹ አወራ። በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ሰዎች መጡ። ሐሙስ ላይ እማማ ኤዶም አስጠሩኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፣ አጎቴ ባሮክ ከጎናቸው ቆሟል። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት።

«ዕድራችን ድንኳን ያውሳል» አሉ። «ድስት ያውሳል። አግዳሚ ወንበር ያውሳል። ሰው ጎደለብኝ ብሎ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ይኼ ከድስት በምን ይለያል?»

«በምንም» አለ አጎቴ ባሮክ።

«ያንቺ ሆድ ግን የሚታመን ነው?»

ይህን የመሰለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ነገሩን አብራራሁላቸው። እኔ ቅመሙ ደርሶኛል። ስለዚህ አንጀቴ ተዘግቷል፣ ቫይረስ አያሳልፍም። ስለዚህ ከእኔ የተዋሰ ሰው ንጹሕ ኩባያ ነው የሚያስገባው። ንጹሕ ኩባያ ሲበዛ ሩቅ ያሉት ሰዎች ደስ ይላቸዋል፣ በሩም ቶሎ ይከፈታል። ባዶ ኩባያ ከማስገባት ይህ አይሻልም?

እማማ ኤዶም አሰቡበት። «ቅመሙ እንደደረሰሽ በምን አወቅሽ?»

«ክንዴን ይዩት።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ጠጋ ብለው ነካ አደረጉት።

«አብጧል» አሉ።

ምርመራው በዚህ አለቀ።

ከዚያ በኋላ በኩባያ ቀን ቤታችን በር ላይ ትንሽ ሰልፍ ይታይ ነበር፣ ወደ ትልቁ ሰልፍ የሚወስድ ሰልፍ። በእንጨት ማንኪያ እኩል አካፍል ነበር። አድልዎ የለም፤ ለእማማ ኤዶም ዘመድም ለማንም ያው አንድ ማንኪያ። ባዶ እጁን የመጣም የለም። አንዱ ፓፓያ ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ሽምብራ ቀቅላ ታመጣለች። «እንዲያግዝሽ ነው» ይላሉ፣ ሆዴን እያዩ። እንደዚያ ሰሞን በልቼ አላውቅም። ሰው ሲያየኝ ከፊቴ በፊት ሆዴን ሰላም ይል ነበር።

የሺ ብቻ እምቢ አለች። አንድ ቀን ባዶ ኩባያዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ነይ ላካፍልሽ» አልኳት። «ቂም አልይዝም።»

«የራሴን አመጣለሁ።»

«መኪናው ይሄድብሻል።»

«እየሮጥኩ እደርሳለሁ።»

ሮጣም ደረሰች። ኩባያ ይዞ የሚሮጥ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ አትስቁ፣ እኔም አልሳቅሁም፣ በኋላ ቤት ገብቼ ነው የሳቅሁት።

በዚያ እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ መብራቱ ሊዞር ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ። ቅመሙ ደርሶኛል፣ ክንዴ አብጦ ነበር።»

«የእኔም ያብጣል፣ መሪ ስይዝ።»

«አንቺ ብቻ ማበጠሪያ አዘጋጂ።»

አንድ መኪና በመንገዱ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ከኪሷ አንድ ነገር አውጥታ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ሰፊ ጥርስ ያለው የእንጨት ማበጠሪያ ነው። «ጅቡቲ ነው የገዛሁት፣ የዛሬ ዓመት» አለች። «መኪናው ውስጥ ነው የሚኖረው።» አልወረወረችልኝም። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ሲስተር ደብሪቱ ጠረጴዛውን ሳትዘረጋ ቀረች። ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበችን። እኔ ጨርቄን ቀይሬ፣ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«ቅመሙ አልሠራም» አለች።

እማማ ኤዶም «እንዴት ሆኖ?» አሉ።

«ቅመም ከደረሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቫይረሱን እስከ መጨረሻው ቀን ሲያወጡ ነበር። ሩቅ ያሉት ሰዎች ጠረጴዛውን አጥፈሽ ነይ ብለውኛል። በሩም እንዳለ ይቆያል።»

ከኋላ አንድ ሰው ወንበር ሲያንቀሳቅስ ተሰማ።

«እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ» ብላ ቀጠለች፤ ለማን እንደምትናገር አላውቅም፣ እማማ ኤዶምን ነበር የምታየው። «በሌላ ቦታ ሠርቷል። እዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ስሙን ትቶ በየኩባያው ያለውን የሰው ዘር ምልክት ብቻ አንድ ጊዜ እንዲያነብልኝ ለመንኳቸው።» ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን። «አሥራ አንድ ኩባያ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ነው። አሥራ አንድ ስም፣ አንድ አንጀት። የማን ነው?»

ዕድራችን ምስጢር መያዝ ያውቃል። አጎቴ ባሮክ ጫማውን መመርመር ጀመረ። እማማ ኤዶም የድንኳኑን ምሰሶ ያዩ ነበር፣ ልክ አዲስ እንደተተከለ። እኔ ግን ነገሩን በሌላ በኩል አየሁት። ከዚህ ሁሉ አንጀት ተበጥሮ፣ እስከ ላቦራቶሪ ድረስ ሄዶ፣ ተለይቶ የታወቀ አንድ አንጀት ካለ፣ ባለቤቱ ለምን ይደበቃል?

እጄን አወጣሁ። «የእኔ ነው።»

ሲስተር ደብሪቱ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር። የደከማት ነው የምትመስለው።

«ከሙከራው ስለወጣሽ ልነግርሽ ፈቅደውልኛል። የተወጋሽው ተራውን ነው።»

«ክንዴ አብጦ ነበር።»

«አክከሽው ነው።»

የሺ ከኋላዬ ሳለች። ጉንፋን አልነበረባትም።

«በዚህ ቀበሌ ቫይረሱን ከሁሉም በላይ ያወጣው፣ ለረጅም ጊዜም ያወጣው ያንቺ አንጀት ነው» አለች ሲስተር ደብሪቱ። «ካንቺ ከተዋሱት መካከል ስድስቱ ቅመም ደርሷቸው ነበር። የራሳቸውን አምጥተው ቢሆን ምን ይታይ እንደነበር አሁን ማንም አያውቅም። ያንቺን ነው ያመጡት።»

«ከሁሉም በላይ?» አልኩ።

«ከሁሉም በላይ።»

ቢያንስ በዚህ አልተሳሳትኩም ነበር። ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። የሺ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «አይዞሽ፣ ተራ ሰውም ያስፈልጋል» አለችኝ።

እማማ ኤዶም ተነሡ። «ጥፋቱ የዕድሩ ነው» አሉ። «ማዋስ ለምዶብን ነው። አሁን የሚሆነውን ንገሪን።»

ሲስተር ደብሪቱ ነገረችን። የራሳቸውን ኩባያ ያመጡ ሰዎች ውጤት ደህና ነው፣ ግን ቁጥሩ አይበቃም። አሥራ አንዳችን ወጥተናል። በቦታችን አሥራ አንድ ሌላ ሰው ቢገባና እንደ አዲስ ቢጀምር ሩቅ ያሉት እስከ ክረምቱ ማብቂያ ድረስ ይታገሣሉ። ቀበሌው ውስጥ ደግሞ ለዚህ ሙከራ ያልተወጋ ሰው የለም፣ ከሕፃናት በቀር። ስለዚህ ሰዎቹ ከውጭ መምጣት አለባቸው። መጥተው እዚሁ መኖር አለባቸው።

«ከውጭ?» አለ አጎቴ ባሮክ። «ከውጭ ማን አብዶ ይገባል?»

«መግባት ይቻላል» አለች ሲስተር ደብሪቱ።

«መግባትማ ይቻላል» አለ አጎቴ።

አጥሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉ። «ለሙከራ ፈቃደኛ ሰዎች ይፈለጋሉ፣ መግባት ይቻላል» እያለ ቀኑን ሙሉ ለመንገዱ ይናገራል። የማስታወቂያው ድምፅ የእኔ ነው፤ ዕድሩ እንደ ቅጣት አድርጎ ነው ያስነበበኝ፣ እኔ ግን ጥሩ ድምፅ ስላለኝ ነው ብዬ አስባለሁ። መኪኖቹ ድምፄን ሲሰሙ ፍጥነት ይጨምራሉ። ቢሆንም ሰው አይጠፋም። ከሚስቱ ቤተሰብ ጋር የተጣላ አንድ ነጋዴ ገባ። እህታቸው እዚህ ያለችባቸው ሁለት ሴቶች ገቡ። አንድ ሰው ደግሞ ምንም ምክንያት ሳይሰጥ ገባና እስከ ዛሬ አልሰጠም። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ሞላ፣ እዚያ ላይ ቆመ። ሲስተር ደብሪቱ ጠረጴዛዋን እያጸዳች መንገዱን ታያለች።

ለእናቴ የሆነውን ሁሉ ነግሬያት ነበር። በአጥር ላይ ጮሆ መናገር የማይመች ወሬ ነው። «ኩባያ» ስል «ምን?» ትላለች፣ «ሰገራ» ስል ዘበኛው ዞር ይላል። ጨርሼ ነገርኳት። ቴምርም ሳትወረውር ሄደች። በቀጣዩ እሑድ አልመጣችም።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ የመኪናዋን ድምፅ ስጠብቅ ዋልኩ። የመኪናዋን ሞተር ከሌላ መኪና እለየዋለሁ፤ ሲቆም ያስነጥሰዋል። አልተሰማም። ዘበኛው ነው በእጁ ምልክት የሰጠኝ። በመንገዱ ጠርዝ በእግሯ እየመጣች ነበር፣ አንድ ሻንጣ ይዛ።

«መኪናውስ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሌላ ሰው ያዘው» አለች። አልጮኸችም፣ ግን ሰማኋት።

የውጭውን አጥር በር አለፈች። ባዶውን መሬት አለፈች። ዘበኛው ባርኔጣውን አነሣላት፣ አልጠየቃትም። የውስጡን በር አለፈች። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ምንም የተለየ ድምፅ አላሰማም፤ እንደ ሁልጊዜው ነው የተዘጋው። ሲስተር ደብሪቱ የእናቴን እጅጌ ሰብስባ ወጋቻት፣ ከዚያ ሰማያዊ ኩባያ ሰጠቻት። ክዳኑ ላይ የእናቴ ስም ነበር።

«ይህን የራስሽን ነው የምታመጪልኝ» አለቻት።

«ገባኝ» አለች እናቴ።

እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። ለሁለት ዓመት ስጮህባት ስለኖርኩ በቅርብ ሰው እንዴት እንደሚያወራ ጠፍቶብኝ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ስትታይ ረጅም ናት፤ በቅርብ ግን ትከሻዋ ላይ እደርሳለሁ። የናፍጣና የሎሚ ሽታ አላት። ይህን ረስቼው ነበር።

«ምን ይገትርሻል?» አለች። «ተቀመጪ።»

ቤት እስክንደርስ እንኳን አልጠበቀችም። የበሩ ጥግ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ በጉልበቷ መሃል አስቀመጠችኝ፣ ማበጠሪያውን ከኪሷ አወጣች። ከአናታችን በላይ መብራቱ ቀይ ነው፤ በቀይ ብርሃን ፀጉር መክፈል ከባድ ነው አለች፣ ግን ከፈለችው። ዓይኔ ያነባው ስለጎተተችኝ ነው። ሁለት ዓመት የከረመ ቋጠሮ ሲፈታ ያማል፣ ማንንም ጠይቁ።

ግማሹን ፈትታ መጎንጎን ጀመረች። ነገሩን ሳሰላስለው ሁሉም በደንብ የተያያዘ ሆኖ ታየኝ፣ ይህንንም ልነግራት አሰብኩ።

«እማዬ።»

«እእ።»

«እኔ ኩባያውን ባላካፍል ኖሮ አሥራ አንድ ሰው አይጎድልም ነበር አይደል? ሰው ባይጎድል ደግሞ አንቺ አትገቢም ነበር። ስታስቢው፣ ያለ እኔ ዛሬ እዚህ አትቀመጪም።»

እጇ ቆመ። የሹሩባውን ጫፍ ይዛ ክር አሰረችበት፣ ጠበቅ አድርጋ።

«ያለ አንቺማ ይሄኔ በሩ ተከፍቶ ነበር» አለች።